መውረጃ ቆላ የሌለው ብርድ፤ የዶክተር መላኩ በያን ሕይወት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ጣርማ በር ላይ ሲደርሱ የሚሆነውን ያስታውሳሉ። ጉም መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ነፋሱ የመኪናውን መስኮት ያንቀጠቅጠዋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል። 587 ሜትር ርዝመት ያለውን ዋሻ ካለፉ በኋላ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ወደ ትከሻ ይወርዳል፤ አርማንያ ላይ ጭራሽ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ተጠቅልሎ መቀመጫ ሆኗል። ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ግድም የተወረደው ገና ወሬ ተጀምሮ ሳያልቅ ነው።

ባለፈው ጊዜ በዚያ ስናልፍ ሻይ ለመጠጣት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። አጠገባችን አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ሻንጣ ያሰናዱ ነበር። ልጁ በሮቢት ተወልዶ በሮቢት ያደገ፣ ማሾና ሽንኩርት በሚመረትበት፣ ፓፓያ በየጓሮው በሚበስልበት አገር እግሩን ከነጠላ ጫማ ያላወጣ ነው። እናቲቱ ስለ ትምህርቱ አልተጨነቁም፤ ጭንቀታቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የደብረ ብርሃን ውርጭ ልጃቸውን እንዳይጎዳባቸው ነበር። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ቢጨምሩ ሻንጣው አልዘጋ አለ። በዚያ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ነገሩን አቀለሉት። ቢብስበት ቅዳሜ መኪና ይዞ ይወርድና ፀሐይ ሞቆ ይመለሳል አሉ። እናቲቱም ይህን ሲሰሙ ልባቸው ጥቂት አረፈ፤ ብርድ ልብሱንም በገመድ አስረው በሻንጣው ላይ አደረጉት።

የይፋት ሰው ብርድን የሚያውቀው እንዲህ አድርጎ ነው። በአገራችን ብርድ የሚመጣው በወር ሳይሆን በከፍታ ነው ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። የደጋው ሰው ማሽላ ሲፈልግ ይወርዳል፤ የቆላው ሰው ገብስና ባቄላ ሲፈልግ ይወጣል። የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ ተቀምጠው የይፋትን ቆላ ቁልቁል ይመለከቱ ነበር። ደገኛው የቆላውን ንዳድ፣ ቆለኛው የደጋውን ቁር ይፈራል፤ ሆኖም ለሁለቱም የመመለሻው መንገድ አጭር ነው። ብርዱ ሲጠናበት የሚወርድበት ቆላ ያለው ሰው ብርድን ጠላቴ ነው አይልም።

ከዚያ ተነሥተን መንገዳችንን ስንቀጥል ግን መውረጃ ቆላ ወደሌለበት ብርድ የሄደ ሌላ የኢትዮጵያ ተማሪ ትዝ አለን። ስማቸው ለታሪክ ወዳዶች እንግዳ አይደለም፤ ወጣቶች ተማሪዎችና አዲስ ሹማምንት ግን ከስማቸው አልፈው ሥራቸውን የሚያውቁ ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። እኒህ ሰው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው።

መላኩ የተወለዱት ከይፋት በስተሰሜን በምትገኘው በወሎ በሚያዝያ 1892 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ግራዝማች በያን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ይባላሉ። ያደጉት ግን በሐረር ሲሆን፣ ይኸውም በልዑል ራስ መኰንን ቤተ ሰብ ዙሪያ ነበር። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ተፈሪ መኰንን ዘመዳቸው ናቸው፤ ልጁም ለቤተ መንግሥት አገልግሎት ታስቦ እንዲያድግ ተደረገ። ሐረርን የሚያውቅ ሰው አየሯን ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ ከበላይዋ ደጋ፣ ከበታችዋ የኦጋዴን በረሓ አለ፤ እርሷ በመካከል ሆና ብርዱም ሙቀቱም አይበዛባትም። እጅጌ ጉርድ ለብሶ የሚኖርባት፣ በማታ አንድ ነጠላ የሚበቃባት ከተማ ናት።

በዚያን ዘመን የመንግሥት ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኰንን ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር እየላኩ ለማስተማር ያላቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። መላኩም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ወደ ህንድ ተላኩ። ህንድ ለሙቀት ቢሆን ለሐረር ሰው የምታስቸግር አልነበረችም። መላኩን ያስቸገራቸው ሌላ ነው። አገሩ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበር። ከነጻ አገር የመጣ ወጣት ባለ አገሩ በገዛ አገሩ ዝቅ ተደርጎ ሲኖር ማየቱ አልተዋጠለትም፤ ትምህርቱንም በቅኝ ገዢ መንግሥት እጅ መቀበሉ አላማረውም። ከዚህም የተነሣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያልያዘች አገር ተፈለገችና መላኩ ከጓደኛቸው ከበሻህውረድ ሀብተ ወልድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ይህም የሆነው በ1914 ዓ.ም. ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት ያልበለጠ ሰው ሙቀት ካለበት ወደ ሌላ ሙቀት ሄደው፣ በአየሩ ሳይሆን በሰው አያያዝ ምክንያት ያንን ትተው ብርድን መረጡ። ዛሬ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ማመልከቻ የሚሞላ ተማሪ የሚጠይቀው ስለ ክፍያው፣ ስለ ቪዛውና ስለ ብርዱ ነው። መላኩ በቅድሚያ የጠየቁት አገሩ ማንን እንደሚገዛ ነበር።

የደረሱበት ስፍራ ኦሃዮ ይባላል። የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ከሚባለው ክፍል አንዱ ሲሆን፣ በውስጡ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ሙስኪንገም የሚባል፣ በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የነበረ ትምህርት ቤት አለ። መላኩ የኮሌጅ ትምህርታቸውን የተማሩት በዚያ ነው። (ከተማዋን ስናነሣ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም። በየካቲት 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካኖች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰማይ መንኰራኵር ምድርን የዞረው ጆን ግሌን ያደገው በዚህችው ከተማ ነው፤ መላኩ መጽሐፍ ተሸክመው በመንገዶቿ ሲመላለሱ እርሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር።)

ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ፣ ኦሃዮ ግን በ40ኛው ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። ከካናዳ ሰሜን ጀምሮ እስከዚያ ድረስ መሬቱ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ከዋልታው ወገን የሚነሣውን ነፋስ የሚያግድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ተራራ የለም። ስለዚህ በእኛ በጋ፣ ማለት በታኅሣሥና በጥር፣ ብርዱ ውሃ ከሚረጋበት ልክ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀን ይሰነብታል። ለአገራችን ሰው ይህ ብቻ ግራ ያጋባዋል፤ እኛ ሰማይ ጠርቶ ፀሐይ የምንሞቅበት ወር እዚያ የመከራ ወር ነውና።

በረዶውም ቢሆን የእኛ ዓይነት አይደለም። የእኛ በረዶ በክረምት ነጎድጓድ አስቀድሞ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ይመጣል፤ ልጆች በእጃቸው አፍሰው ሳይጨርሱ ይቀልጣል። የዚያ አገር በረዶ ድምፅ የለውም። ሌሊቱን እንደ ተባዘተ ጥጥ ሲወርድ ያድርና በማለዳ በር ሲከፈት መንገድም፣ አጥርም፣ ጣራም አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያም ሳምንታት ሳይሄድ ይቀመጣል። የቀኑ ርዝመትም ያጥራል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታይበት ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል አይበልጥም፤ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ስትጠልቅ ተማሪው ገና ከክፍል መውጣቱ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ፀሐይ በጠራ ሰማይ ላይ ወጥታ ሳታሞቅ መዋሏ ነው። በሮቢት ፀሐይ ካለች ሙቀት አለ፤ ሁለቱን ነጣጥሎ ያየ የለም። በኦሃዮ ግን ብርዱ የሚብሰው ብዙውን ጊዜ ሰማዩ በጠራ ቀን ነው። ፀሐይዋን አምኖ ካፖርቱን ትቶ የወጣ እንግዳ ጆሮውን ይዞ ይመለሳል።

ካፖርት፣ ጓንት፣ የሱፍ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፣ ወፍራም ጫማ፤ ይህ ሁሉ ለዚያ አገር ሰው እንደ እኛ ነጠላ ተራ ነገር ነው። ቤቱ በድንጋይ ከሰል ይሞቃል፤ ውስጡ እንደ ቆላ፣ ውጭው እንደ ዋልታ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ መሻገር ግድ ይሆናል። ሰው ይህን ይለምደዋል። ልብስ ገንዘብ ላለው ይገኛል፤ ሰውነትም በሁለት ዓመት ይማራል። በዛሬው ዘመን በዚያው በኦሃዮ በኮለምበስ ከተማ፣ እንደዚሁም በሚኒሶታ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ሰፍረው እንጀራ ጋግረው፣ ጥምቀትን በጥር በረዶ ላይ አክብረው ይኖራሉ። በመላኩ ጊዜ ግን ኢትዮጵያዊ ማለት ከሁለትና ከሦስት ጓደኛ በቀር ሌላ ያልነበረበት አገር ነው።

መላኩ ኮሌጁን ጨርሰው በኮለምበስ በሚገኘው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ከገፉበት በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄደው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ሕክምናም ጀመሩ። ሐዋርድ በ1867 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ባሪያነት በአሜሪካ በሕግ ከቀረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቁሮች ይማሩበት ዘንድ የተቋቋመ ነው። ይህንን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ነጭ ቆብ ለብሶ ጥቁርን የሚያሳድደው የኩ ክሉክስ ክላን ማኅበር በኦሃዮና በጎረቤቷ በኢንዲያና እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ በሆቴል፣ በባቡር፣ በምግብ ቤት ቦታው ተለይቶ ይነገረው ነበር። ከውጭ የመጣ የመኳንንት ዘመድ ግን፣ ፓስፖርቱን ቢያሳይና ከቦታው ሰዎች የተለየሁ ነኝ ቢል፣ አንዳንድ በር ይከፈትለት ይሆናል። በዚያን ጊዜም ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቈጥሩም የሚል ወሬ በአሜሪካ ይነዛ ነበር። መላኩ በዚያች በጠባቧ በር ለመግባት እምቢ አሉ።

ይህን ወሬ በቃል ብቻ አላስተባበሉም። በአገር ቤት ከአንድ ከፍተኛ ሹም ልጅ ጋር ተጫጭተው ነበር፤ ያንን አፍርሰው ዶሮቲ ሃድሊ የምትባለውን ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ይህ በዚያን ዘመን ለአንድ የቤተ መንግሥት ሰው ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ በቤተ ዘመድ ዘንድ ምን ያህል ወሬ እንዳስነሣ አንባቢ ራሱ ይገምተው። በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ግን ከብዙ ንግግር ይልቅ ተሰማ። ወይዘሮ ዶሮቲም ከባላቸው ኋላ የተቀመጡ ሰው አልነበሩም፤ ኋላ በተሠራው ሥራ ሁሉ እጃቸው አለበት። በሐዋርድ የአፍሪካን ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪም የመላኩ ወዳጅ ሆኑ፤ በ1927 ዓ.ም. ገደማም አብረው ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠናና የሚያስረዳ አንድ ጉባኤ አቋቋሙ።

ስለ ብርድ ከጀመርን አይቀር ስለ እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። መላኩ በኦሃዮ በተማሩባቸው ዓመታት ከሚሲሲፒ፣ ከአላባማና ከጆርጂያ፣ ጥጥ ከሚበቅልበት ሞቃት አገር፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ ጥቁሮች ቤታቸውን እየዘጉ ወደ ቺካጎ፣ ወደ ዲትሮይትና ወደ ክሊቭላንድ ይፈልሱ ነበር። ከደቡቡ ፀሐይ ወደ ሰሜኑ በረዶ የወሰዳቸው የፋብሪካ ደመወዝና ከግድያ ማምለጥ ነው። በባቡር ሲወርዱ የለበሱት ስስ ልብስ ለሚቺጋን ሐይቅ ነፋስ የሚሆን አልነበረም። መላኩ በዚያ አገር የመጀመሪያውን ብርድ ብቻቸውን የቀመሱ ቢመስላቸው፣ በዙሪያቸው አንድ ሚሊዮን ሰው በዚያው ብርድ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ከነዚህ አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። በፍሎሪዳ ተወልዶ በሚሲሲፒ ባሕር ዳርቻ ያደገ፣ ኋላ ወደ ዲትሮይትና ወደ ቺካጎ ወጥቶ በብዙ ትግል አውሮፕላን መንዳት የተማረ ጥቁር ነው። በ1927 ዓ.ም. በጥር ወር ግድም፣ ቺካጎ በበረዶ ውስጥ ሳለች፣ መላኩ ከእርሱ ጋር ተገናኙ። ኢትዮጵያ አውሮፕላን ነጂ ትፈልግ ነበር። ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይላችን አገለገለ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶችን ሲያሠለጥን ኖሮ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እዚሁ አዲስ አበባ ያረፈ የእኛ ሰው ነው፤ ስለ እርሱ ሌላ እሑድ ብንጽፍ ደስ ይለናል።

መላኩ በ1927 ዓ.ም. የሕክምና ዶክተርነታቸውን ከሐዋርድ ተቀበሉ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ከባለቤታቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል ተለይተዋት የቆዩትን ፀሐይ ለመሞቅ ግን ጊዜ አላገኙም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ጦርነት ከፈተች። ዶክተር መላኩ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኞችን አከሙ፤ ኋላም የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪምና አስተርጓሚ ሆኑ። ያን ጊዜ የይፋት ቆላም ከጦርነቱ አላመለጠም። በሚያዝያ ወር የጠላት የመኪና ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ያለፈው በዚሁ በሮቢት መንገድ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ሽቅብ ለመውጣት ተቸግሮ ቆሟል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ስደት ሄዱ። ዶክተር መላኩም በእንግሊዝ አገር ተገኙ።

በዚያ ክረምት ከኒውዮርክ የመጡ የጥቁሮች መልእክተኞች ለንደን ድረስ ተሻግረው ንጉሠ ነገሥቱን አነጋገሩ፤ በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ርዳታ የሚሰበስብና ሰዉን የሚያስተባብር አንድ የታመነ ሰው እንዲላክላቸው ለመኑ። ለዚህ ሥራ ከዶክተር መላኩ የተሻለ አልተገኘም። ስለዚህ በመስከረም 1929 ዓ.ም. እንደገና አትላንቲክን ተሻገሩ። ፊተኛው ጉዞ ለትምህርት ነበር፤ ይህኛው ግን መመለሻው የማይታወቅ ነው። በአገር ቤት የሚጠብቃቸው ቤትም፣ ወንበርም፣ ደመወዝም አልነበረም።

ኒውዮርክ እንደ ደረሱ አንድ ሆቴል በቆዳቸው ቀለም ምክንያት አላስተናግድም አላቸው። የአንድ ንጉሠ ነገሥት ወኪል መሆናቸው አልረዳቸውም። እርሳቸውም ከሌላ ሆቴል በር ላይ ለመቆም አልፈለጉም፤ ቤተ ሰባቸውን ይዘው የጥቁሮች ሰፈር ወደሆነው ወደ ሃርለም ሄዱ። የዲፕሎማት አኗኗር የለመደ ሰው ይህን እንደ ውርደት ይቈጥረው ይሆናል። እኛ ግን በሕይወታቸው ውስጥ ከሁሉ የሞቀው ቤት የተገኘው በዚያ ይመስለናል። በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞሩ ተናገሩ። የቤት ሠራተኞች፣ የአሳንሰር ነጂዎች፣ የልብስ ሰፊዎች ማኅበርተኞች፣ ራሳቸው የሥራ እጦት ያስጨነቃቸው ሰዎች ሳንቲማቸውን አወጡ።

ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለው ማኅበር ተመሠረተ። ቀደም ሲል ለኢትዮጵያ እንረዳለን የሚሉ ብዙ ማኅበሮች ተቋቁመው እርስ በርስ ይጣሉ ነበር፤ አንዳንዱም የሰበሰበውን ገንዘብ የት እንዳደረሰው አይታወቅም ነበር። ዶክተር መላኩ የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ በኩል እንዲሄድ አደረጉ። የማኅበሩ ጋዜጣ ‹የኢትዮጵያ ድምፅ› በሚል ስም በየሳምንቱ ይታተም ጀመር። ጋዜጣው በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ለጥቁር ሕዝብ የሚሰጠውን ስም ነቅፎ ጥቁር መባል የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር እንዳልሆነ ይከራከር ነበር። ይህ ክርክር በአሜሪካ ጎልቶ የተሰማው ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ማኅበሩም ከኒውዮርክ አልፎ በሌሎች ከተሞችና በካሪብያን ደሴቶች ቅርንጫፎች አወጣ።

ለወጣት ሹማምንት አንባቢዎቻችን የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ አለ ብለን እናምናለን። ዶክተር መላኩ ቢሮ የተሰጣቸው ሹም አልነበሩም። ያላቸው ሥልጣን ከተሰደደ መንግሥት የተሰጠ አንድ ወረቀት ነው፤ ያንንም የማይቀበሉ መንግሥታት ብዙ ነበሩ። በሕክምና ሙያቸው ተቀጥረው ወይም ሐኪም ቤት ከፍተው በደኅና ገቢ ሊኖሩ ሲችሉ፣ የዓመታት ትምህርታቸውን አስቀምጠው የመዋጮ ደረሰኝ ይጽፉ፣ ጋዜጣ ያርሙ፣ ደረጃ እየወጡ በር ያንኳኩ ነበር። ይህ ትክክል ነበር ወይስ አይደለም ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖር ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ በሕክምና ዶክተርነት የተመረቀ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቈጠር ነበርና። እኛ በበኩላችን ለቁስለኛ መድኃኒት የሚገዛ ገንዘብ በሌለበት ጊዜ ገንዘቡን ማግኘትም የሐኪም ሥራ ነው እንላለን።

1932 ዓ.ም. በገባ ጊዜ ዓለም ሁሉ ዓይኑን ወደ አውሮፓ ጦርነት አዙሮ ነበር። ኢትዮጵያ ከጋዜጦች ፊት ገጽ ጠፍታ ነበር፤ አርበኞች ግን በሸዋ፣ በጎጃም፣ በበጌምድር በዱር ነበሩ። ርዳታ መሰብሰብ ከቀድሞው ይልቅ የከበደው በዚህን ጊዜ ነው። ዶክተር መላኩ ከቤት ወደ ቤት መዞሩን አልተዉም። ከኒውዮርክ ቤቶች ሙቀት ወደ ውጭው ነፋስ፣ ከነፋሱ ወደ ሌላ ደረጃ፤ እንዲህ ሲሉ የብርዱ ወራት አለፈ፤ ጤናቸው ግን አብሮ ሄደ። የሳንባ ምች ያዛቸው።

አማርኛችን ይህን በሽታ እንዲህ ብሎ መጥራቱ ያስደንቃል። ምች በቆላ ሰው ዘንድ የፀሐይ በሽታ ነው፤ በይፋት የቀትር ፀሐይ ገርፎት ከንፈሩ የቈሰለ፣ ራሱን የታመመ ሰው ምች መታው ይባላል፤ እናቱም ዳማ ከሴ አሽታ ታሸተዋለች። በሐረር ያደጉት ሰው በአርባ ዓመታቸው ያገኛቸው ምች ግን ፀሐይ ከማይሞቅበት አገር የመጣ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋስያን እንጂ ብርዱ ብቻ አለመሆኑን እርሳቸው ሐኪም ናቸውና ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር፤ እንቅልፍ ያጣና የደከመ ሰውነት ግን ለተሐዋስያኑ በሩን ይከፍትላቸዋል። ፔኒሲሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም. ነው።

ዶክተር መላኩ በያን ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. ዐረፉ። አርባ ዓመት ገና መሙላታቸው ነበር። ጋዜጣውና ማኅበሩ ከእርሳቸው በኋላ ሥራቸውን ቀጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከዶክተር መላኩ ሞት በኋላ ልክ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን።

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በችግር ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች መሬት ሰጡ። ስጦታው የሄደው በዚሁ መላኩ ባቋቋሙት ፌዴሬሽን በኩል ነው። አምስት ጋሻ ሲሆን የሚገኘው በሻሸመኔ አጠገብ ነው፤ ከፍታው ከሐረር ከፍታ ብዙ አይለይም፤ ለማታው አንድ ነጠላ ይበቃል።